«የጉንፋን መድኃኒት ስጪኝ»፦ ከሐዋሳ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለሐዋሳ ከተማ አስተዳደር ጤና መምሪያ

ግልባጭ፦ በከተማችን መድኃኒት ቤቶች ለምትሠሩ የሙያ ጓደኞቼ፤ እንዲሁም ጉንፋን ይዟችሁ በር ለምታንኳኩ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ያለ ሐኪም ማዘዣ ስለሚሸጡ የጉንፋን ማስታገሻዎች

ጤና ይስጥልኝ።

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ክረምቱ ወጥቶ የጥቅምት ብርድ ሲገባ ቀኑን ሙሉ የምሰማው አንድ ጥያቄ ነው፤ «የጉንፋን መድኃኒት ስጪኝ»። ጠዋት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይጠይቀኛል። ቀትር ላይ የባጃጅ ሹፌር ሞተሩን ሳያጠፋ ከበር ላይ ሆኖ ይጮኻል። ማታ ደግሞ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ፈረቃ የወጡ ልጆች ተሰብስበው ይመጣሉ። ጥያቄው አንድ ስለሆነ መልሱም አንድ ሆኗል፤ አንድ ስትሪፕ ከመደርደሪያ አንስቶ መስጠት፣ ሒሳብ መቀበል፣ ቀጣይ።

የምለምነው ይህ እንዲቀር ነው። ለጉንፋን ብሎ የመጣ ሰው ሁለት ሦስት ነገር ሳይጠየቅ መድኃኒት አይሰጠው። የተሰጠውም ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚወሰድ ሳይጻፍበት ከበር አይውጣ። ይኸው ነው። ለምን ይህን ያህል እንደማካብደው ግን ላስረዳ።

ጉንፋንም ኢንፍሉዌንዛም ከቫይረስ የሚመጡ ናቸው። ጉንፋን ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ንፍጥ ይከተላል። ኢንፍሉዌንዛ ድንገት ነው የሚጥለው፤ ጠዋት ደህና የነበረ ሰው ማታ አልጋ ላይ ነው። እንደ ዋዛ የሚታይ በሽታም አይደለም። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያራቆተው የኅዳር በሽታ ይኸው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። መደርደሪያችን ላይ ያለው ያለ ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት ሁሉ ቫይረሱን አይነካውም። የሚያደርገው ሰውነት በሽታውን ታግሎ እስኪያሸንፍ ድረስ ምልክቱን ማስታገስ ነው። ስለዚህ የሚመረጠው በበሽታው ስም አይደለም፤ ሰውየውን በጣም ባስቸገረው ምልክት ነው። ትኩሳት ነው? አፍንጫ ነው? ሳል ነው? ሳሉስ ደረቅ ነው ወይስ አክታ አለው? እነዚህን ያልጠየቀ ሻጭ ጨለማ ውስጥ ነው የሚሰጠው።

ከትኩሳቱ ልጀምር፤ ምክንያቱም እዚህ ከተማ ትኩሳት ሌላ ትርጉም አለው። ሐዋሳ ከፍታዋ 1,700 ሜትር ገደማ ነው፣ ሐይቁ ጎናችን ነው፣ ወባም እንግዳችን አይደለችም። ወባ ስትጀምር ቁርጥ ጉንፋን ናት። ብርድ ብርድ ይላል፣ ራስ ይፈልጣል፣ ሰውነት ይቆራረጣል፣ ምግብ ያስጠላል። የሁለቱም ወቅት ይገጣጠማል፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ሁለቱም ያይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የመጀመሪያዎቹ 10 ወራት ገደማ ውስጥ ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን እንደተመዘገቡ የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቆ ነበር።

ፓራሲታሞል የወባንም ትኩሳት ያወርዳል። ጣጣው እዚህ ጋ ነው። ሰውየው ያልበዋል፣ ቀለል ይለዋል፣ «ለቀቀኝ» ብሎ ሥራ ይገባል። ወባው ግን ደሙ ውስጥ እየተባዛ ነው። ስለዚህ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ብቻ ይዞት፣ ንፍጥም ማስነጠስም ሳይኖረው የመጣን ሰው መጀመሪያ ደምህን ታይ እለዋለሁ። ንፍጥ መኖሩም ቢሆን ወባን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም፤ ሁለቱ አብረው የሚይዙት ሰው አለ። ምርመራው ከጣት በምትወሰድ አንድ ጠብታ ደም የሚሠራ ነው። ሰዉ ግን «አሁን ጤና ጣቢያ ሄጄ ካርድ ላወጣ? ተሰልፌ ልውል?» ይለኛል። በዚህ አልፈርድበትም። የቀን ሠራተኛ ነው፤ የዋለበት ሰልፍ የቀን ገቢው ነው። ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

ወባ አለመሆኑ ከታወቀ ለትኩሳት፣ ለራስ ምታትና ለቁርጥማት የመጀመሪያ ምርጫዬ ፓራሲታሞል ነው። ርካሽ ነው፣ ጨጓራ አያቃጥልም፣ በባዶ ሆድም ይወሰዳል፣ ለነፍሰ ጡርም ከማስታገሻዎቹ ሁሉ የሚመረጠው እሱ ነው። ርካሽ በመሆኑ ግን ሰው ይንቀዋል። «እሱማ ቤትም አለ፤ ጠንከር ያለ ስጪኝ» የሚለኝ ብዙ ነው። ጠጋ ብዬ ስጠይቀው ጠዋት አንድ ፍሬ ውጦ ነው እስከ ማታ «አልሠራልኝም» የሚለው። አንድ ፍሬ የሚያገለግለው ለጥቂት ሰዓት ነው እኮ። ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊግራሙ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ነው፣ በየ4 ወይም በየ6 ሰዓቱ ልዩነት። በ24 ሰዓት ውስጥ ግን ከ8 ፍሬ፣ ማለትም ከ4,000 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። ሰውነቱ በጣም የከሳ፣ ጉበቱ የታመመ ወይም በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ከዚህ ባነሰ መጠን መቆም አለበት።

አሁን እንቅልፍ ወደሚነሳኝ ነገር ልምጣ። ቅልቅሎቹ።

ሳጥናቸው ያምራል። አንዳንዱ ላይ ሎሚ ተስሏል፣ አንዳንዱ ላይ መሐረብ የያዘ ሰው አለ። ጀርባው ላይ በደቃቅ የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈውን ማንም አያነብም። አንዱ ፍሬ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ፓራሲታሞል አለ፤ ንፍጥ የሚያደርቅ ክሎርፌኒራሚን አለ፤ አፍንጫ ይከፍታል የተባለ ፌኒልኤፍሪን ወይም ሱዶኤፌድሪን አለ፤ አንዳንዱ ካፌይንም ይጨምራል። ገዢው ይህን አያውቅም። «ይኼ ለጉንፋኑ፣ ፓራሲታሞሉ ደግሞ ለራሴ» ብሎ ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል።

ሒሳቡን እንሥራው። ከቅልቅሉ ሁለት ሁለት ፍሬ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። እያንዳንዱ ፍሬ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ካለው 3,000 ሆነ። ከነጠላው ፓራሲታሞልም ሁለት ሁለት ፍሬ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ሌላ 3,000። ድምሩ 6,000። ሰውየው ሁለቱንም እንደተነገረው ነው የወሰደው፤ አላጠፋም። ጉበቱ ግን ይህን አያውቅለትም።

የፓራሲታሞል መመረዝ ክፋቱ ድምፅ አለማሰማቱ ነው። በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ማቅለሽለሽ ቢኖር ነው፤ ምንም ላይኖርም ይችላል። የጉበቱ ጉዳት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነው ብቅ የሚለው። ማርከሻው ደግሞ እጅግ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ውስጥ ሲሰጥ ነው። ስለዚህ መጠን ማለፉን ያወቀ ሰው እስኪያመው አይጠብቅ፤ ደህና ነኝ ቢልም ቀጥ ብሎ ሆስፒታል ይሂድ።

የዚሁ ችግር ወንድም ከአሜሪካ በሻንጣ ይመጣል። አክስት ከዲሲ ትልካለች። ታይሌኖል ይመጣል፣ ናይኪል ይመጣል፣ «የውጪ ነው፣ ይሻላል» ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። አሜሪካኖች አሴታሚኖፌን ብለው የሚጽፉት የኛው ፓራሲታሞል ነው። ታይሌኖል እሱው ነው። ናይኪልም ውስጥ እሱ አለ፤ በላዩ የሚያስተኛና ሳል የሚያፍን ተጨምሮበት። ማታ ናይኪል ተጎንጭቶ ሌሊት ሁለት ፓናዶል የሚደግም ሰው አንዱን መድኃኒት ሁለት ጊዜ መውሰዱን ማን ይንገረው?

ቅልቅሉ ውስጥ ያሉት ሌሎቹም ያለ ጥያቄ የሚሰጡ አይደሉም። ክሎርፌኒራሚን ያፈዛል፣ እንቅልፍ ያመጣል። ያንን ውጦ ባጃጅ የሚነዳው ልጅ ከኋላው ሦስት ሰው ጭኗል። የስፌት ማሽን ላይ ለምትቀመጠውም ልጅ ጣቷ አደጋ ላይ ነው። በዚህ ላይ አረቄ ከታከለበት ባሰ። ፕሮስቴታቸው ያበጠ ጋሼዎች ደግሞ ሽንት ጨርሶ ሊዘጋባቸው ይችላል። ንፍጥ ለማድረቅ መጥተው ሽንት በሚያወጣ ቱቦ (ካቴተር) ሊያድሩ ነው ማለት ነው።

ሱዶኤፌድሪን አፍንጫ ይከፍታል፤ ግን የደም ግፊት ይጨምራል፣ ልብን ያፈጥናል። ግፊት ያለበት ሰው ሳይጠየቅ ሊሰጠው አይገባም። ስለ ጫትም መጠየቅ አለብን፤ አፍረን የምናልፈው ጥያቄ እሱ ነው። ጫትም በራሱ ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል። ሁለቱ ተደርበው ልቤ ደለቀ፣ እንቅልፍ አጣሁ ብሎ የሚመጣ ሰው አለ፤ እሱ ግን «ጉንፋኑ ጠናብኝ» ነው የሚለው። ፌኒልኤፍሪን በበኩሉ የተለየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አማካሪ ባለሙያዎች በአፍ የሚወሰደው ፌኒልኤፍሪን አፍንጫ በመክፈት ረገድ እንደማይሠራ በሙሉ ድምፅ ተስማሙ። በቀጣዩ ዓመት መሥሪያ ቤቱ ራሱ ያለ ማዘዣ ከሚሸጡት ውስጥ ይውጣ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። አደገኛ ስለሆነ ሳይሆን ስለማይረባ። እኛ ጋ አሁንም ሳጥኑ ላይ በኩራት ተጽፎ ይሸጣል።

ስለዚህ ነጠላውን እመርጣለሁ። ራሱን ላመመው የራስ ምታቱን፣ አፍንጫው ለተዘጋ የአፍንጫውን። ለሚውጠውም ሰው ለኪሱም ይሻላል።

«ጠንከር ያለ» ሲባል እጃችን የሚሄድበት ሌላው አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ነው። ለቁርጥማትና ለትኩሳት ይሠራሉ፤ አልክድም። ግን ጨጓራ ያለበት ሰው በዚህ ከተማ ስንት ነው! ጥያቄው ጨጓራ አለህ ወይ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ በልተሃል ወይ ጭምር ነው። በጾም ሰሞን እስከ 9 ሰዓት ያልቀመሰ ሰው፣ ወይም በረመዳን ቀኑን ሙሉ የጾመ ሰው፣ እነዚህን በባዶ ሆዱ ከዋጠ ማታ ሆዱን ይዞ ነው የሚመለስ። ኩላሊት ያለበት፣ አስም የሚነሳበት፣ ከ20 ሳምንት ያለፈች ነፍሰ ጡር አይውሰዱት። ለደም ግፊት ኢናላፕሪልና የሚያሸና መድኃኒት አብረው የሚወስዱ እናቶችና አባቶችም ሦስተኛ አድርገው ይህን ሲጨምሩበት ኩላሊታቸው ይጨነቃል። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ «እማማ፣ ሌላ በየቀኑ የሚውጡት መድኃኒት አለ?» አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክን አንድ ላይ የሚሰጥም አይቻለሁ፤ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፣ ሲደረቡ ጉዳቱ እንጂ ጥቅሙ አይጨምርም። አስፕሪን ደግሞ ትኩሳት ላለው ልጅና ጎረምሳ ፈጽሞ አይሰጥ፤ ከኢንፍሉዌንዛ ጋር ሲገናኝ ጉበትና አንጎልን የሚጎዳ፣ ሬይ ሲንድረም የሚባል ብርቅ ግን ክፉ ሕመም ያመጣል።

አፍንጫ ላይ ብዙ አልቆይም። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ የተበጠበጠ ጨው ለሁሉም ይሆናል፤ ጡት መጥባት ላቃተው ሕፃንም ከመጥባቱ በፊት ሁለት ጠብታ ትረዳዋለች። ዛይሎሜታዞሊን የሚባለው ጠብታ ቶሎ ይከፍታል፤ ከ5 ቀን በላይ ከተወሰደ ግን አፍንጫው መልሶ ይዘጋና ያለ ጠብታው አልከፈትም ይላል። «በዚህ ጠብታ ዓመት ሆነኝ» ያለኝ ሰው አለ። በባሕር ዛፍ ቅጠል መታጠን ለአዋቂ አልቃወምም፤ ለልጅ ግን የፈላ ድስት ፊት ማስቀመጥ ይቅር። ከጉንፋን ይልቅ በፈላ ውሃ መቃጠል የሚከፋ ነው።

ሳል ለብቻው ደብዳቤ ይወጣዋል። ደረቅ ሆኖ ሌሊት ለሚያስጨንቅ ሳል ዴክስትሮሜቶርፋን አለ። አክታ ላለው ጓይፌነሲን አክታውን ያቀጥናል ይባላል፤ ጥቅማቸው ግን ሁለቱም መጠነኛ ነው፣ ይህን ለደንበኛው መንገር አያሳፍርም። አክታ ያለበትን ሳል ማፈን ግን አይመከርም፤ መውጣት ያለበት እንዳይወጣ ማድረግ ነው። ለብዙ ሰው አንድ ማንኪያ ማር ከብዙ ሽሮፕ አይተናነስም። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር በጭራሽ፤ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል። ከጉንፋን በኋላ ሳል ሁለት ሳምንትም ሊቆይ ይችላል። ሁለት ሳምንት የሞላው ሳል ግን በእኛ አገር ሽሮፕ የሚጨመርበት አይደለም፤ የአክታ ምርመራ የሚላክ ነው። ቲቢ እዚያ ተደብቆ ይኖራል። ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። ሦስተኛ ጠርሙስ የሳል ሽሮፕ ጨርሶ ለመጣ ሰው አራተኛውን መሸጥ ቀላል ነው፤ «ስንት ጊዜ ሆነህ?» ብሎ መጠየቅ ግን ሕይወት ያተርፋል።

የልጆች ሽሮፕን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2022 ጋምቢያ ላይ የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። ዳይኢትሊን ግላይኮልና ኢትሊን ግላይኮል በሚባሉ መርዛማ ኬሚካሎች የተበከሉ ሽሮፖች ከ70 ያላነሱ ሕፃናትን ሞት እንዳስከተሉ ተነገረ። ከዚያ ወዲህ በየጉሊቱና በየሱቁ የሚሸጥ፣ ማሸጊያው የተፈታ ወይም አምራቹ የማይታወቅ ሽሮፕ ሳይ ያንዘፈዝፈኛል። ለትንንሽ ልጆች የጉንፋንና የሳል ቅልቅል ቀድሞውንም አይመከርም። አሜሪካኖች ከ4 ዓመት በታች አይሰጥ ብለው ሳጥኑ ላይ ይጽፋሉ፣ እንግሊዞች ከ6 ዓመት በታች ይላሉ። እኔ የእንግሊዞቹን ይዣለሁ። ለሕፃን ትኩሳት ፓራሲታሞል ሽሮፕ ይበቃል፤ መጠኑ በዕድሜ ግምት ሳይሆን በክብደት ነው፣ በአንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አንዱ ሽሮፕ በ5 ሚሊሊትር 120 ወይም 125 ሚሊግራም ይይዛል፣ ሌላው 250። ጠርሙሳቸው ሊመሳሰል ይችላል። እናትየው ባለፈው ጊዜ የለመደችውን «አንድ ማንኪያ» በአዲሱ ስትሰጥ እጥፍ ሰጠች ማለት ነው። የወጥ ማንኪያና የሻይ ማንኪያማ ጭራሽ አይነሣ፤ መለኪያ ስኒ ወይም መርፌ የሌለው ስሪንጅ አብሮ ይሰጥ።

ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ ያንቀጠቀጠው ሕፃን ደግሞ መድኃኒት ቤት መቆም የለበትም፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም ይሂድ። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለው በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ሰዓት ያለው ሰው ሁሉ መቁጠር ይችላል። አዋቂም ቢሆን ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን ከወጋው፣ ከዘባረቀ፣ ወይም ተሽሎት ትኩሳቱ ተመልሶ ከመጣ ሐኪም ነው የሚያስፈልገው።

አሞክሳሲሊን፤ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን የማይገድለው አንቲባዮቲክ። በዚህ ደብዳቤ ባልጠራው ደስ ይለኝ ነበር፤ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት አይደለምና። ግን ከጉንፋን ጋር አብሮ ያልተጠየቅሁበት ቀን የለም። ለጉንፋን አሞክሳሲሊን መዋጥ ለባጃጅ ናፍጣ እንደመቅዳት ነው፤ አያስኬድም፣ ሞተሩን ግን ይጎዳል። እኔ አልሸጥም ስል ሰውየው መንገድ ተሻግሮ ይገዛል። ይህ ተስፋ ያስቆርጣል። የእኔ ሥራ ደንበኛ ማባረር ሆነ፤ ትርፉ የጎረቤቴ። ለዚህ ነው ጉዳዩ በአንድ ፋርማሲስት ሕሊና ብቻ አይፈታም የምለው።

ከዚህ የሚብስ ደግሞ አለ፤ በወረቀት የሚጠቀለለው። ሦስት አራት ዓይነት ኪኒን፣ ከስትሪፑ ተፈልቅቆ፣ ስም ሳይኖረው፣ «ጠዋት ማታ» ተብሎ የሚሰጥ። ደንበኞች ይዘውት ይመጣሉ፤ «ይኼ ነው ያሻለኝ፣ እሱን ስጪኝ» ይሉኛል። ምን እንደሆነ ማወቅ አልችልም። የሚያብጥ፣ ሽፍታ የሚያወጣ ወይም የሚያስታውክ ሰው ቢመጣ ሐኪሙም ምን እንደወሰደ አያውቅም። ይህ አሠራር ማንም ይሥራው ማን መቆም አለበት።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ። መምሪያው በአዲስ በጀት የሚሠራው ትልቅ ነገር አይደለም የምጠይቀው።

መጀመሪያ ጽሑፉ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ወጥቷል፤ ሕግ አላነሰንም። የሚያንሰን በየመደርደሪያው ላይ ያለው ትንሽ ወረቀት ነው። የምትለጠፍ፣ በአማርኛና በሲዳምኛ የታተመች፣ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠን፣ ሰዓትና «ፓራሲታሞል አለው» የሚል ምልክት የሚደረግባት ወረቀት አዘጋጁልን። ሰዓቱም በእኛ አቆጣጠር ይሁን። «በየ8 ሰዓቱ» ሲባል ቀን 8 ሰዓትና ሌሊት 8 ሰዓት ብቻ የሚወስድ ሰው አጋጥሞኛል፤ ሌላው ፍሬ ይቀርበታል። ስለዚህ እኔ «ጠዋት 1፣ ቀን 9፣ ማታ 5» ብዬ ነው የምጽፈው። ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ ፀሐይና ጨረቃ እስላለሁ። ሥዕሌ አያምርም፤ ያም ሆኖ ይገባቸዋል።

ቀጥሎ የወባው ነገር። በወባ ወቅት ትኩሳት ይዞት የመጣን ሰው ለምርመራ ስንልክ የምንጽፍለት አጭር ወረቀት ይኑረን፤ ጤና ጣቢያውም ያንን ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው በቀጥታ ወደ ላቦራቶሪ ያሳልፈው። አሁን እኔ «ሂድና ተመርመር» ስለው ግማሽ ቀን እንደሚፈጅበት ስለሚያውቅ ፓራሲታሞሉን ከሌላ ቤት ይገዛል። ሰልፉ ካጠረ ብዙዎቹ እንደሚሄዱ እርግጠኛ ነኝ፤ ሕመምተኛው ሰነፍ ስላልሆነ።

ሦስተኛው ለቁጥጥር የምትወጡ ባለሙያዎችን ይመለከታል። ስትመጡ ፈቃዳችንን፣ ፍሪጁን፣ የመጠቀሚያ ጊዜ ያለፈበትን ትፈትሻላችሁ። ጥሩ ነው፤ ቀጥሉበት። ግን አንድ ቀን እንደ ደንበኛ ሆናችሁ ግቡ። «የጉንፋን መድኃኒት ስጡኝ» በሉ፤ ከዚያ ስንት ጥያቄ እንደተጠየቃችሁ ቁጠሩ። የተጠየቃችሁበትን ቤት አመስግኑ፣ ያልተጠየቃችሁበትን አስተምሩ። ቅጣት መጀመሪያ አይሁን፤ ብዙዎቻችን ሰው ተደራርቦብን፣ ባለቤቱ ሽያጩን እያየብን ነው የምንሠራው።

ለሙያ ጓደኞቼ የምለው አጭር ነው። ትኩሳት አለ ወይ፣ ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ፣ በልተሃል ወይ። ሴት ከሆነች እርግዝና። ደቂቃ አይፈጅም። ኮልድ የተጻፈበትን ሳጥን ስትሰጡ ፓራሲታሞል እንዳለው ተናገሩ፤ ነጠላውን አብሮ የጠየቀውን አትሽጡለት።

ለደንበኞቼ ደግሞ፦ ስጠይቃችሁ አትቆጡኝ። «ሐኪም ነሽ እንዴ?» አትበሉኝ። ቤት ያለውን መድኃኒት ስትሪፑን ይዛችሁ ኑ፤ ስሙን ብትረሱት አያለሁ። ዳማከሴውን አሹ፣ የዝንጅብል ሻዩን ጠጡ፣ አጥሚቱንም አፍሉ፤ ማንም አይከለክላችሁም። ብዙ ፈሳሽና እረፍት ከምሸጥላችሁ አብዛኛው ነገር ይሻላል፤ አለቃዬ ይህን እንዳያነብ እንጂ። የወሰዳችሁት መድኃኒት ጉዳት ካደረሰባችሁ ወይም አጠራጣሪ መድኃኒት ካያችሁ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ነው፤ ደውሉ።

መምሪያው ወረቀቷን የሚያዘጋጅ ከሆነ የመጀመሪያውን ረቂቅ በሲዳምኛም በአማርኛም ለመጻፍ ፈቃደኛ የሆንን ባለሙያዎች አለን። ስብሰባ ብትጠሩን ከሥራ ሰዓት ውጪ ይሁን፤ በጥቅምት ወር ቀን ላይ ከመደርደሪያው መራቅ አይቻልም።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ፋርማሲስት፣ ከሐዋሳ